አረንጓዴው ስቲከር እና የብሎካችን በሬ

ለፋሲካ የብሎካችን ሰዎች ተሰብስበን አንድ በሬ እናርዳለን። ቅርጫ ነው፤ የካ አባዶ ውስጥ ብዙ ብሎክ እንዲሁ ያደርጋል። በሬውን የሚመርጡልን ግራውንድ ላይ የሚኖሩት ሽማግሌ ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚሁ አካባቢ ገበሬ ነበሩ። ጥርሱን ያያሉ፣ ሻኛውን ይዳስሳሉ፣ ካስፈለገም ከሻጩ ጋር በኦሮምኛ ይጨቃጨቃሉ።

ዘንድሮ እኔ ጣልቃ ገባሁ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ማስረዳት አይሰለቸኝም። ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አረንጓዴ ስቲከር የተለጠፈበት «ኦርጋኒክ ሥጋ» የሚሸጥ ሱቅ አይቼ ነበር። በቅርጫው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ኦርጋኒክ ማለት ምን እንደሆነ አብራራሁ፦ መኖው ኬሚካል ያልነካው፣ ከብቱም በየምክንያቱ መድኃኒት ያልተወጋ፤ ይህንንም ሻጩ ሳይሆን ሌላ አካል መርምሮ ያረጋገጠው። በሬው ቀርቶ ሥጋውን ከዚያ እንድንገዛ ሐሳብ አቀረብኩ። ጎረቤቶቼ ተስማሙ።

«ምን በልቶ ነው ያደገው?» አሉ ሽማግሌው።

«አባባ፣ ስቲከሩ እኮ ለዚያ ነው» አልኳቸው።

«እሺ። እንግዲህ ወረቀቱ ይምረጥላችሁ።» ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።

አወጣጣቸው ከነከነኝ። በማግስቱ ጥያቄዎቼን ደብተር ላይ በተራ ጽፌ ሱቁ ሄድኩ።

«ከብቶቹ ከየት ነው የሚመጡት?» አልኳት ሻጯን።

«ከገጠር።»

«ከየትኛው ገጠር?»

«ወንድሜ፣ ገጠር ገጠር ነው።»

«ኦርጋኒክ መሆኑን ማን መረመረው?»

ሳቀች። «ስቲከሩን ያሳተምነው እኛው ነን። ፖሊስ ነህ እንዴ?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«ያስታውቃል።»

ከጥቅሉ እየላጠች በበሬ ሥጋውም፣ በበጉም፣ በዶሮውም ላይ ያንኑ ስቲከር ትለጥፋለች። በጣም ተናደድኩ፤ በእሷ ብቻ ግን አይደለም። ቃሉ ባዶ ነው አልልም። የሚመረምር ካለ፣ ያጭበረበረውም የሚጠየቅ ከሆነ ትርጉም አለው። ይህን ለጎረቤቶቼ ያስረዳሁት ራሴ ነኝ። እንዲህ ያለ መርማሪ መኖሩን ግን ከስብሰባው በፊት አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅኩም። ስቲከር አምኜ ሽማግሌውን ከሥራቸው አስነሣሁ።

በራቸውን አንኳኳሁ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመረመረው ሰው የለም።»

«እኔስ መች ሁሉን አውቃለሁ? ዕድሜውን ከጥርሱ አውቃለሁ። የተወጋውን መርፌ በምን ልወቅ?»

ይሄ ደግሞ ይባስ አናደደኝ። ቢያንስ እሳቸው በእርግጠኝነት የሚያውቁ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«የበሬውን ሻጭ ፊት ለፊት እንጠይቀዋለን። ከዋሸን፣ ለከርሞም እዚያው ገበያ ቆሞ አገኘዋለሁ። ቅዳሜ ማለዳ ደብተርህን ይዘህ ና። መጀመሪያ ግን ለሰዎቹ አንተው ንገራቸው።»

የዚያኑ ቀን አመሻሽ ላይ ጎረቤቶቼን ደረጃው ሥር ሰበሰብኳቸው።

«ቲቸር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታስተምረን ነው?» አለች ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ሴት።

«ዛሬ እርማት ነው» አልኩ። የተሳሳትኩትን ነገርኳቸው፤ ማብራሪያ አልጨመርኩም።