እትዬ አስካለ ቤት ኳሱ ሲቋረጥ

ዛሬ ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ስክሪኑ ድንገት ጥቁር ሆነ። መብራት የጠፋ መስሎን ቀና ስንል አምፖሉ እየበራ ነው።

ያለነው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ እትዬ አስካለ ኳስ የሚያሳዩበት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ጋቢያችንን ደርበን አግዳሚው ላይ ተጠጋግተናል። ከመካከላችን ብዙዎቹ ከወለጋ ተፈናቅለው ካምፕ የሚኖሩ ናቸው።

እትዬ ኳሱን በዲሽ ወደሚያስተላልፈው ድርጅት ደወሉ። የስልኩን ድምፅ ከፍ ስላደረጉት ሁላችንም ሰማን።

«በየወሩ ሳላሳልፍ እከፍላለሁ እኮ ልጄ፤ ለምን ቆረጣችሁብኝ?»

«እናቴ፣ የእርስዎ ፓኬጅ ለመኖሪያ ቤት ነው። ሰው ሰብስበው የሚያሳዩ ከሆነ የንግዱን መግዛት አለብዎት» አላቸው ልጁ፣ በትሕትና።

ለካ እነዚህ ድርጅቶች የሚያተርፉት እንዲህም ነው። ያንኑ ኳስ ለሳሎን በአንድ ዋጋ፣ ሰው ለሚሰበሰብበት ቤት በሌላ ዋጋ ይሸጡታል። እትዬ ከከፈሉ ወዲያ ማንም ቢያየው ችግር የለውም ብለው ያስቡ ነበር። እኔም ዲግሪዬን ይዤ እንደዚያው ነበር የማስበው። ውሉን ማን ያነባል?

ድርጅቱም ጨዋታውን የማስተላለፍ መብት ገዝቶ ነው፣ ይገባኛል። ግን እትዬ የሚተዳደሩት በዚህችው ቤት ነው። የንግዱን ዋጋ ሲሰሙ ስልኩን ዘጉት።

ከካምፕ የሚመጡት ጋሽ ሰይድ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ቤት የሌለው ሰው የት ሆኖ እንደሚያይ ብትጠይቂልን ጥሩ ነበር» አሏቸው።



እናንተ ሰፈር ያለው ኳስ ማሳያ ቤትስ እንዴት ነው? አሁንም ያሳያል? ጻፉልኝ። ውጤቱን ግን እንዳትነግሩኝ፤ ነገ ከጋሽ ሰይድ ጋር ነው የምሰማው።