አባባ ጠናን የከሰሰችው መምህርት

ሆሳዕና ውስጥ መምህርት ጣቢታን የማያውቅ ካለ፣ እሱ ትናንት መናኸሪያ የወረደ እንግዳ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንደኛ ክፍል አስተምራለች። ሃያ ዓመት ከሕፃናት ጋር የዋለ ሰው ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እንደ ሰው ሆኖ አይወጣም። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊቷ የተቀመጠውን የባንክ ሥራ አስኪያጅ “ዞር ዞር አትበል፣ ወደ ፊት እይ!” ብላዋለች። ባሏ መልካሙ ራቱን ጥርግ አድርጎ ሲበላ ልጆቹን ሰብስባ “አጨብጭቡለት!” ትላለች። ሰውዬው አናጢ ነው፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፤ ግን ምን ያድርግ፣ ለምዶታል።

ችግሩ የመጣው ከጃጁራ ወዲያ፣ ዳገት ላይ ወዳለ ትምህርት ቤት ሲያዛውሯት ነው። ያንን ዳገት መኪና አይሞክረውም፤ ሞተር ብቻ ነው የሚወጣው። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ ሞተሩ እሷንም፣ ሹፌሩንም፣ የፊደል ገበታዋንም ጭቃ ውስጥ ከተታቸው። ገበታው ታጥቦ ዳነ። የጣቢታ ጉልበት ግን ከዚያ ወዲህ ጉልበት አልሆነም። እንግዲህ ለማረሚያ ቤቱ የጎልማሶች ትምህርት መምህራን ሊሰለጥኑ ነው ሲባል ከሁሉ ቀድማ ተመዘገበች። ማረሚያ ቤቱ በባጃጅ አንድ መዝሙር ሳያልቅ ይደረሳላ!

“ሰው ከእስር ቤት ለመውጣት ይጸልያል፣ አንቺ ለመግባት ትጸልያለሽ?” አላት መልካሙ።

“ጉልበቴን ጠይቀው” አለችው።

አሰልጣኙ አቤሴሎም የሚባል፣ ለዘብ ብሎ የሚናገር የኮሌጅ መምህር ነው። ነጋ ጠባ የሚላቸው አንድ ነገር ነበር፦ “ጎልማሳ አይታዘዝም፣ ይጠየቃል። ሕፃን አይደለም፤ አክብሩት። የምታስተምሩትም ቃል ከራሱ ሕይወት የወጣ ይሁን።” ጣቢታ ምላሷን ስትነክስ ሰነበተች። ቤት ገብታም ባሏ ላይ ትለማመድ ጀመር። “መልካሙ፣ ቆሻሻ በመድፋት በኩል ያለህን ልምድ ብታካፍለን ምን ይመስልሃል?” አለችው አንድ ማታ። ሰውዬው ማንኪያውን አስቀምጦ አያት። በማግስቱ ለመጋቢው ስልክ ደውሎ “ኧረ ሚስቴን በጸሎት አስቧት፣ ደህና አይደለችም” አለ።

የሥልጠናው መጨረሻ የተግባር ፈተና ነው። ማረሚያ ቤት ገብታ አንድ ክፍለ ጊዜ ታስተምራለች፣ አቤሴሎም ከኋላ ተቀምጦ ያያል። ካለፈች እዚያው ትመደባለች። ከወደቀች ወደ ዳገቱ፣ ወደዚያ የተረገመ ሞተር ትመለሳለች።

ቀኑ ደረሰ። ጣቢታ ፍተሻውን አልፋ፣ ስልኳን በር ላይ አስረክባ ገባች። ክፍሉ ግጥም ብሏል። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። አባባ ጠና ናቸው። አባባ ጠና ማለት አገር ያወቃቸው አስታራቂ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ወሰን ሲዳኙ ኖረው፣ በስተርጅና በራሳቸው ወሰን ተናደው ጎረቤታቸውን በዱላ አሉት። አይ ሰው መሆን! ይኸው ሁለት ዓመታቸው ነው።

እዚህ ላይ ነው ጣቢታ የተሳሳተችው። አክብሩ ተብላ የለ? ወንበሯን አነሳችና ከፊት አኑራ “አባባ፣ እባክዎ እዚህ ይቀመጡልኝ” አለች። ከዚያ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ “ወሰን” ብላ ጻፈች። ግማሹ ክፍል እስር ቤት የገባው በወሰን ጠብ ነው፤ ከሕይወታቸው የወጣ ቃል ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል? ዞር አለችና በትሕትና ጠየቀች፦ “አባባ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይበሉን። ይህ ምን የሚል ይመስልዎታል?”

አባባ ጠና ሰሌዳውን አዩት። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ጉዳዩን እናየዋለን” አሉ።

ከዚያ ዝም።

ጣቢታ ሌላውን ጠየቀች፤ ዝም። የሚቀጥለውን ጠየቀች፤ ጣራውን ያያል። ከኋላ የአቤሴሎም እስክሪብቶ ሲጫጫር ይሰማታል። ዮሲ የሚባል፣ መናኸሪያ ትኬት ሲያሻሽጥ የኖረ ሙሉ ሰው፣ ከንፈሩ ቃሉን ሲያነብ ቁልጭ አድርጋ አየችው።

“ዮሲ፣ እርስዎ ያውቁታል አይደል? ታዲያ ለምን አይናገሩም?”

“እንዴ ቲቸር!” አለ ዮሲ ደንግጦ። “አባባ ገና እያዩት እኮ ነው!”

ኧረ በስመአብ! ያን ጊዜ ገባት። እሷም እኮ የዚሁ አገር ልጅ ናት! ሽማግሌ ቃል ተሰጥቶት ሳይጨርስ ማን አፉን ይከፍታል? አባቷ ቤት አንድ ሽማግሌ እያሰበ እራት ቀዝቅዞ ያውቃል። በገዛ አፏ ቃሉን ሰጥታ፣ በገዛ እጇ የክፍሉን በር ቆልፋለች።

“አባባ፣ አልጨረሱም?” አለች ድምጿ እየቀጠነ።

“ከባድ ጉዳይ ነው፣ ልጄ። ለነገ ይቀጠር።”

ይቀጠር! ጣቢታ ዳገቱ ታያት። ሞተሩ ታያት፣ ጭቃው ታያት። የታመቀው የሃያ ዓመት ቁጣ ገንፍሎ ወጣ።

“አይቀጠርም! ክስ አለኝ!”

“በማን ላይ?” አሉ አባባ ጠና።

“በእርስዎ ላይ! ክፍሉን ዝም አሰኝተውብኛል። እኔ ዛሬ ከወደቅኩ በዚህ ጉልበቴ ዳገት ልወጣ ነው!”

በር ላይ የቆመው ፖሊስ አንገቱን አስገባ። ጣቢታ የተናገረችውን የሰማችው ከተናገረች በኋላ ነው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አባባ ጠና ግን አልተቆጡም። ቀስ ብለው ከወንበሩ ተነሱ።

“የተከሰሰ ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም” አሉ። “ከሁሉ በኋላ ነው የሚናገረው። ዳኛ ምረጡ።” ሄደው የኋላው አግዳሚ ላይ፣ አቤሴሎም አጠገብ ተቀመጡ።

ዮሲ ተመረጠ። የሾኔ ሰው ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ዘመድ ስለሌለው አያዳላም ተባለ። ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ በመናኸሪያ ድምፁ ለቀቀው፦ “ምስክር! ምስክር! አንድ ሰው የቀረው ምስክር!”

ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ብድግ ብሎ የመጀመሪያዋ “ወ” ናት አለ።

“በምን ታውቃታለህ?”

“ሽንት ቤቱ በር ላይ ወንዶች የሚለው በእሷ ነው የሚጀምረው። በቀን በቀን አያታለሁ።”

“ተመዝግቧል! ሁለተኛዋስ?”

ሁለተኛዋን “ሰ” ያላት ሰው ሚኒባስ መስኮት ላይ ሰላም ተብሎ ተጽፎ እንዳየ መሰከረ። ሦስተኛው ምስክር እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ላይ “ዘርትሁን” ብሎ ተነቅሷል። “መጨረሻዋ ይህችው ናት” አለ “ን”ን እያሳየ። “ልጅቷ ሌላ አገባች፤ ፊደሏ ግን አለች።” ሳቁ አጥር ዘለለ። ጣቢታ እንኳ ሳቀች፣ ወዲያው አቤሴሎምን አይታ አፏን ያዘች። እሱ መጻፉን ትቷል።

“ተከሳሽ!” አለ ዮሲ፤ ድምፁ ግን ወረደ። “አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተራው የእርስዎ ነው። ምን ይላል?”

አባባ ጠና ብድግ አሉ። ሰሌዳውን አዩት። ማንም አልሳቀም። አገር ሙሉ የዳኙ ሰው፣ ስንት ደም ያደረቁ ሰው፣ ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ቆሙ።

“አላውቅም” አሉ። “ማንበብ አልችልም። ሰው ፊት እንዲህ ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እናየዋለን ያልኩት አፍሬ ነው። ጥፋተኛ ነኝ።”

ጣቢታ ጉልበቷንም ፈተናውንም ረስታ ሄዳ እጃቸውን ያዘቻቸው፤ ወደ ሰሌዳው አመጣቻቸው። ምስክሮቹ የተናገሩትን አንድ በአንድ በጣታቸው አስነካቻቸው። “ወ” አሉ አባባ። “ሰ።” ቆዩ። “ን። ወ… ሰን። ወሰን!” ዞር ብለው ክፍሉን አዩት። “እንዴ! በዚህች ነው እንዴ የታሰርኩት?”

ፖሊሱ ሳይቀር በሳቅ ፈረሰ። ጣቢታ “አጨብጭቡላቸው” ልትል ነበር፣ ዋጠችው። ሳትላቸው አጨበጨቡ።

“ፍርድ!” አለ ዮሲ። “አባባ ጠና ጥፋታቸውን አምነዋል። ካሳቸው በየክፍለ ጊዜው አንድ አንድ ቃል ማንበብ ነው። ከሳሿም ብትሆን ሽማግሌ ከስሳ ውልቅ ማለት የለም። ካሳው ተከፍሎ እስኪያልቅ እዚሁ እስር ቤት ትቀመጥ!”

“ቃል መቼ ያልቃል?” አለ አንዱ።

“እሱ የእሷ ጉዳይ ነው።”

ሁሉም ዞሮ አቤሴሎምን አየ። ሰውዬው እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና ተነሳ።

“የእኔም ውጤት ከዚህ ፍርድ ጋር አንድ ነው” አለ። “አልፋለች፤ እዚሁ ትቆያለች። ይግባኝ የሚል አለ?”

በዚያ ክፍል ውስጥ በዕድሜው ይግባኝ ያላለ ታራሚ አልነበረም። የዚያን ቀን ግን አንድም እጅ አልወጣም።