በዲጋ ሚኒባስ የተጠና ሒሳብ

አዲሱ የሥራ ምደባ መመሪያ ቢሯችን የደረሰ ቀን ቁጣዬ ፍርሃቴን ቀደመው። ዲጋ ወረዳ የደመወዝ ሒሳብ ስሠራ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አሁን አንድ ወረቀት መጥቶ፣ በያዝሽው መደብ ለመቆየት ወይ የአካውንቲንግ ዲግሪ፣ ወይ የደረጃ አራት የብቃት ማረጋገጫ አምጪ አለኝ። በዓመቱ መጨረሻ አንዱን ያላቀረበ ሠራተኛ ክፍት መደብ ወዳለበት ይዛወራል። ክፍት መደብ ያለው ደግሞ ከጊዳ ወዲያ፣ ሄዶ መመለሱ ቀን በማይበቃው ወረዳ ነበር።

እናቴ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ስትሮክ ግራ ጎኗን ከያዛት ሦስት ዓመት ሆናት። ጠዋት አጥቤና አብልቼ፣ ትራስ አስደግፌያት ወደ ዲጋ እሄዳለሁ፤ ሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ እሷ ነው። ቀን ቀን ጎረቤታችን ብቅ እያለች ታያታለች። ወንድሞቼ ሩቅ ናቸው። ስልክ ይደውላሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። እናቴን ከጊዳ ወዲያ ይዣት መሄድ አልችልም፣ ትቻት መሄድም አልችልም። ስለ ዝውውሩ ትንፍሽ ሳልል፣ ደመወዝ የሚያስጨምር ትምህርት አለ ብቻ አልኳት።

የፋይናንስ ቡድን መሪያችን፣ ሁላችንም አዴ የምንላት ሴት፣ ሦስት ልጆች እያሳደገች ዲግሪዋን በርቀት የጨረሰች ናት። ሞጁሎቿን አይቻቸዋለሁ፤ ዳር ዳራቸው ላይ የሽሮ ጠብታ አለ።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ርቀት ተመዝገቢ» አለችኝ። «የምዝገባ ደብዳቤ ካመጣሽልኝ፣ ትምህርት ላይ ናት ብዬ ለዞን ጽፌ አቆይሻለሁ። የብቃት ምዘናው ግን የአንድ ቀን ነገር ነው። ብትወድቂ ምን ይዤ ልከራከርልሽ?»

እውነቷን ነበር። ርቀቱ አራት ዓመት ይፈጃል፣ በየሴሚስተሩ ያስከፍላል፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜን ይወስዳል። ግን አስተማሪ አለው፣ ደብዳቤም አለው። ለብቻዬ ካጠናሁ ያለኝ ከሰው የተዋስኩት መጽሐፍ ብቻ ነው። ለእናቴ ሁለቱንም ሳጫውታት፣ «ልጀ፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል» አለችኝ። አባባሉ ጥሩ ነው። ባላ የሚተክለው ሰው ግን አንድ ነው፣ እሱም ደክሞታል።

ያም ሆኖ ልመዘገብ ወጣሁ። አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ማስረጃዎቼን ሳስገለብጥ ባለቤቱ፣ «ርቀት ነው? አካውንቲንግ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ስለው ከመደርደሪያው አንድ የተጠረዘ ወረቀት አወጣ። የመጀመሪያው ሴሚስተር አሳይመንት ነው፤ ተሠርቶ ያለቀ።

«አንቺ በራስሽ እጅ ጽሑፍ መገልበጥ ብቻ ነው» አለኝ፣ ስኳር እንደሚመዝንልኝ ሁሉ በቅንነት። «ሁሉም የሚወስደው ይህንኑ ነው።»

ገና ሳልመዘገብ ትምህርቴን ጨርሼ ነበር። አዴ እንዲህ እንዳልተማረች አውቃለሁ። ራሴን ደግሞ አውቃለሁ፤ ከዲጋ ደክሞኝ ስገባ፣ ያለቀ ሥራ አጠገቤ ተቀምጦ እጄ አይዘረጋም ብዬ መማል አልችልም። ማስረጃዬን ሰብስቤ ወጣሁና ለብቻዬ አጠናለሁ አልኩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይሉ የለ፤ ዋጥኩት።

የጥናት ክፍሌ የዲጋ ሚኒባስ ሆነ። መስኮት ዳር እይዝና መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ እዘረጋለሁ። ዲጋ ላይ ማንጎ የምትሸጥ ሴት ሁልጊዜ ስታየኝ ከርማ አንድ ቀን በመስኮት፣ «ባርሲፍቱ ዳ?» አለችኝ፤ አስተማሪ ነሽ ወይ ማለቷ ነው። አይ፣ ተማሪ ነኝ ብዬ በኦሮምኛ መለስኩላት። ሽበቴን አይታ ከት ብላ ሳቀችና አንድ ማንጎ መረቀችልኝ።

የመንግሥት ሒሳብ ለምዶብኝ የነጋዴው ሒሳብ አስቸገረኝ። የእርጅና ቅናሽ የሚባለው ሦስት ሳምንት አልገባኝም። በመጨረሻ አዴ በምሳ ሰዓት ወደ ግቢው አወጣችኝና የቢሮውን አሮጌ ሞተር ሳይክል እያሳየች፣ ስንት እንደተገዛና ዛሬ ማን በስንት እንደሚገዛው አስቆጠረችኝ። ምክሯን ባልሰማም አልተቀየመችኝም።

ምዘናው ነቀምቴ ነበር። መዛኙ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው፣ ሕጉን አስቀድሞ ነገረን። ወረቀታችሁ ላይ ከመለያ ቁጥራችሁ በቀር ስም፣ ፊርማ፣ ምልክት አታድርጉ፤ የተደረገበት ወረቀት ይሰረዛል አለ። ሰማሁ፣ ራሴንም ነቀነቅኩ። ከዚያ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ስሠራ የጡረታ ተቀናሹን ያለ ቦታው ጻፍኩ። በእኛ ቢሮ ቁጥር አይፋቅም። በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ ጎኑ ላይ የሠራው ሰው አጭር ፊርማውን ያኖራል። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ሰረዘ፣ ጻፈ፣ ፈረመ። ሦስት ቦታ።

የገባኝ ወጥቼ ደረጃው ላይ ስደርስ ነው። አንዷ ተፈታኝ ለጓደኛዋ፣ «ማጥፊያ ቀለም ባልይዝ ጉዴ ፈልቶ ነበር» ስትል ሰማሁ። ሦስቱ ፊርማዎቼ ትዝ አሉኝ። ተመልሼ መዛኙን ብጠይቀው፣ «ውጤት ሲወጣ ታያላችሁ» ብሎ በሩን ዘጋ።

ሦስት ሳምንት ራሴን ስሰድብ ከረምኩ። ርቀት ብመዘገብ ኖሮ አንዱ አስተማሪ፣ የቢሮ ልማዳችሁን በር ላይ ጥላችሁ ግቡ ይለኝ ነበር። ለብቻው የሚያጠናን ሰው እንዲህ ብሎ የሚያስጠነቅቀው የለም። አዴ ስነግራት አልቆጣችኝም። «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ» አለችና ከመሳቢያዋ የርቀት ትምህርት ፎርም አወጣች። ከልቧ አምና አትፍሪ ብትለኝ ኖሮ ፎርሙን ባላዘጋጀችው ነበር። እልሄ ሁሉ ተሟጦ ስለነበር ያንን ፎቶ ኮፒ ቤት እያሰብኩ ተቀበልኳት።

ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ቁጥሬን በጣቴ ተከትዬ ሄድኩ። ጎኑ ላይ «ብቁ» ይላል። ከላይ ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። መዛኙ በኮሪደሩ ሲያልፍ አወቀኝና ቆመ።

«እህቴ፣ የመንግሥት ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ አይደል? ይሰረዝባት ያሉ ነበሩ» አለኝ። «እኔ ግን ስትሠሪ አጠገብሽ ቆሜ አይቻለሁ። ይህ ለመታወቅ የተደረገ ምልክት አይደለም፣ ሒሳብ የሚታረመው እንዲህ ነው ብዬ ቃለ ጉባኤ አስያዝኩ።»

ማመስገኔን እንኳ አላስታውስም። እንዲህ ያለ እፎይታ በሕይወቴ አላውቅም፤ ግድግዳ ተደግፌ ብቻዬን ሳቅሁ። አዴ ጋ ደወልኩ። «በጋ ገመዴ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለችና ወዲያው አስከትላ፣ «ፎርሙን መልሺ፣ ሌላ ሰው ይሞላዋል» አለችኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ተቀምጣ ነበር። «እማዬ፣ አለፍኩ» አልኳት። ስለ ደመወዙ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ በደህናው እጇ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች።

«እንግዲያ ኸጊዳ ወዲያ አትሄጅም ማለት ነው?»

ክው አልኩ። የጎረቤታችን ባል ዞን ነው የሚሠራው፤ እናቴ ወሬውን ገና ድሮ ሰምታዋለች።

«አንች በኔ እንዳትታሰሪ ብየ፣ ቀን ቀን ጎረቤታችን ገላየን እንድታጥበኝ አድርጌ ነበር» አለችኝ፣ በተሳሰረ አንደበቷ። «የሰው እጅ ልልመድ ብየ። አልቻልሁትም፣ ልጀ።»

ጎኗ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሷም እያለቀሰች በደህናው እጇ የእኔን እንባ ትጠርግ ነበር።