ኤርሚያስን ጀልባዋ ላይ ያቆየሁበት ሰሞን

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለፓስተሬም አልነገርኩም። ጉባኤ ፊት ቆሜ ብዙ ጊዜ መስክሬያለሁ፤ ጌታ ከሲጋራ እንዴት እንዳላቀቀኝ፣ ሀይዌይ ላይ ከተገለበጠ መኪና እንዴት እንዳወጣኝ ተናግሬ ሕዝቡን አስጨብጭቤያለሁ። ይህኛውን ግን አፌ አውጥቶት አያውቅም። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ ኃጢአታችንን በቀጥታ ለእግዚአብሔር እንናገራለን እንላለን። ይህ እንደ እኔ ላለ ሰው በጣም ይመቻል። እግዚአብሔር አስቀድሞ ስለሚያውቅ ለእሱ መንገር ብዙም አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ለሰው መንገር ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሳላማክርህ የንስሐ አባቴ አድርጌሃለሁ።

አንድን ሰው እናቱ በምታጣጥርበት ሰዓት ከእናቱ አስቀርቻለሁ። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ያስቀረሁትም ደስ ብሎኝ ስለነበር ነው።

ሰውየው ኤርሚያስ ይባላል። ምጽዋ ላይ መርከበኞች ሆነን ስናገለግል ከእኔ በታች ነበር፤ እስከ ዛሬም ጋሼ ነው የሚለኝ። እናቱ እትዬ አስካለ አንድ ጊዜ ከናዝሬት ድረስ ሊጠይቁት መጥተው፣ የያዙትን ጭኮ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። ሲሄዱ እጄን ይዘው «ልጄን አደራ፤ እኔ ይሄን ባሕር አላምነውም» አሉኝ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እኔም «ኧረ እትዬ፣ አያስቡ» አልኳቸው። ባሕሩን ጠረጠሩት እንጂ እኔን አልጠረጠሩኝም።

ከዓመታት በኋላ አትላንታ ላይ ተገናኘን። እኔ ስኮትዴል ውስጥ በአንድ አፓርትመንት ግቢ ቧንቧና ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ፤ እሱ ብሩክሄቨን አካባቢ አረጋውያን መጦሪያ ይሠራል። ባሕር በሌለበት ከተማ ሁለት መርከበኞች ተቀምጠን ስለ ማዕበል እናወራ ነበር፤ የሰማን ሁሉ ይስቅብናል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መገባደጃ ላይ ታዲያ፣ አቮንዴል እስቴትስ ማቀዝቀዣ ልጠግንላቸው የሄድኩላቸው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ማዕበል የሰነጠቃት አሮጌ የሸራ ጀልባ እንዳለቻቸው አጫወቱኝ። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ጠግኖ የሚያነሳት ሰው ቢያገኙ በነጻ ሊሰጡት ይፈልጋሉ። ለኤርሚያስ ስነግረው ሳቀ፤ ቀጥሎ «ጋሼ፣ መቼ ነው የምንሄደው?» አለኝ። ሁለታችንም አለቆቻችንን ለምነን ፈቃድ ወጣንና ሄድን።

ጀልባዋ ውሃ ላይ አልነበረችም። የጀልባ ጋራዥ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ብላ በብረት ድጋፎች መካከል ቆማ ነበር። ማደሪያ ፍለጋ አልሄድንም፤ እዚያችው ላይ መኖር ጀመርን። በጀልባ ኖርን ሲባል ሰው ባሕር ይመስለዋል፤ እኛ ግን ከባሕሩ ይልቅ ለግቢው ዶሮዎች እንቀርብ ነበር። ወደ ቤታችን የምንገባው በመሰላል ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ ወርዶ ግቢውን ማቋረጥ ነው። ፊታችንን የታጠብንበት ውሃ በቱቦ ወደ ባልዲ ይወርዳል። የፋይበርግላሱ ብናኝ አንሶላችን ውስጥ ገብቶ ያሳክከናል፤ ጉንዳኑ በመሰላሉ ወጥቶ ስኳራችንን ይበላል። እኛም ሩዝ በሰርዲን እየበላን ከረምን።

ግን ደስ ይል ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርህ? ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይመጣና ሥራ ይቆማል። ጋደም ብለን ውሃው ከላያችን ሲወርድ እንሰማለን። ነፋሱ የምሰሶውን ሽቦዎች ሲነካቸው መላ ጀልባዋ በቀስታ ታንጎራጉራለች። ዓይኔን ስጨፍን ብረቶቹ ይጠፋሉ፤ ጀልባዋ ከኮኮነት ዛፎቹ በላይ ተንሳፍፋ ትሄዳለች፤ እኔም ተኝቼ ይሁን ነቅቼ ሳላውቅ አብሬያት እሄዳለሁ። ትናንትና ዛሬ ይምታታብኝ ነበር። አትላንታ ውስጥ በየሰዉ በር እየዞረ «ጥገና ነኝ» የሚለው ሰውዬ የሌላ ሰው ታሪክ መሰለኝ። ኤርሚያስ ከማዶ አልጋው ላይ ሆኖ ስለ እናቱ ያወራል፤ ስለ ጎረቤቶቻቸው፣ ስለ ግቢያቸው ጊሽጣ ዛፍ፤ እሱ ሲያወራ እኔን ቀስ ብሎ እንቅልፍ ይወስደኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዕረፍት አላገኘሁም። አሁንም ይህን ስጽፍ ልቤ ደስ አላት፤ ከሁሉም በላይ የማፍረው በዚህ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኤርሚያስ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ተጋድሞ፣ አፍንጫውን ሸፍኖ በማሽን ይፍቃል። የጋራዡ ጸሐፊ ከቢሮዋ በር ላይ ሆና ጠራችኝ፤ ስልክ ነበር። የደወሉት ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ የአትላንታው ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ።

«ከናዝሬት ተደውሎ ነበር» አሉኝ። «የኤርሚያስ እናት ትንሽ አሟቸዋል። ልጁ እንዳይደነግጥ ምንም ሳትነግረው ይዘኸው ና። የሥራ ጉዳይ ነው በለው። ብቻ ቶሎ ኑ፤ ከዚህ ወደ አገር ቤት እንሸኘዋለን።»

«እሺ ጋሼ፣ ይዤው እመጣለሁ» አልኳቸው።

እንግዲህ የእኛን ነገር ታውቃለህ። እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። ሰው ሲሞትበት ሰበብ ፈጥረን ወደ ቤቱ እንመልሰዋለን፤ ከዚያ ሽማግሌ ሰብስበን ማለዳ በሩን እናንኳኳለን። እስከዚያ ድረስ የሞተው ሰው ትንሽ ታሞ ይቆያል። እኔ ራሴ አባቱ ተቀብረው ያደሩበትን ሰው ከቻርሎት በመኪናዬ ሳመጣ፣ መንገዱን በሙሉ «ይሻላቸዋል እኮ፣ ምን ያስጨንቅሃል» እያልኩት ነበር። ሥርዓቱን አውቀዋለሁ፤ ተክኜበታለሁ። ስለዚህ ስልኩን ዘግቼ ግቢውን ሳቋርጥ በልቤ ወስኜ ጨርሼ ነበር፤ እትዬ አስካለ ሞተዋል። ሞተው ተቀብረዋል። አገር ቤት ሬሳ አያድርም፤ እኛ ዛሬ ብንበር ነገ ብንበር የምናገኘው መቃብር ነው። ጀልባዋን ወደ ባሕር የሚያወርዳት ክሬን ደግሞ ተራችንን የሰጠን በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ተራው ካለፈን የዝናቡ ወራት ሳይወጣ ሌላ አናገኝም። ለሞተ ሰው ሳምንት ምኑ ነው? እንዲያውም ልጁ ሳምንት ደስ ብሎት ቢሰነብት ምን አለበት? ይኸውልህ፣ ደግ ሰው ሆንኩልህ።

መሰላሉን ስወጣ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። እውነት ታመው ቢሆንስ? ቆምኩ። ስልኩ ከኋላዬ ነበር፤ ተመልሼ ደውዬ «ጋሽ ተፈራ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» ማለት እችል ነበር። አልደወልኩም። ለምን አልደወልኩም? ብዙ ዓመት ይህን ጥያቄ ስሸሸው ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ልመልሰው። ከደወልኩ እውነቱን ይነግሩኛል። በሕይወት አሉ ካሉኝ መሄድ ግድ ይሆናል። መሄድ አልፈለግኩም። እናቱ እንዲሞቱ አልተመኘሁም፤ ሞተው ቢሆን ግን ለእኔ ይመቸኝ ነበር። ስለዚህ ገደልኳቸውና ወደ ጀልባዋ ገባሁ።

«ማን ነው የደወለው?» አለኝ ኤርሚያስ ከሥር።

«ቤት ነው» አልኩት። «ሰላም ናቸው።»

ዝናቡ በረታና ክሬኑ ዘገየ። የሳምንቱ ነገር ተራዝሞ ወደ ሌላ ሳምንት አለፈ፤ እኔም ዝም እንዳልኩ ቀረሁ። ዝምታ ለካ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው የሚከብደው። ኤርሚያስ መሪውን ቀለም እየቀባ ያንጎራጉራል፤ እኔ ከአጠገቡ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ እንጨት እያለሰለስኩ አብሬው አንጎራጉራለሁ። ናዝሬት መደወል አምሮት ነበር፤ «ከዚህ መስመሩ አይሠራም፣ አትላንታ ስንገባ ትደውላለህ» አልኩት። መስመሩ መሥራቱን አለመሥራቱን እንኳ አላውቅም ነበር። አመነኝ። ለምን አያምነኝ?

ጀልባዋ ውሃ የነካች ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሸራውን ስንሰቅለው ነፋሱ ቀስ ብሎ ሞላውና ያለ ሞተር፣ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀስን። ውሃው ከላይ ሰማያዊ ነው፤ ጎንበስ ብለው ሲያዩት የታቹ አሸዋና የጀልባዋ ጥላ ይታያል፤ ጥላችን ከሥራችን እየተከተለን ሲሄድ ሌሎች ሁለት ሰዎች ታች የሚኖሩ መሰለኝ። ኤርሚያስ ከፊት ተቀምጦ እግሩን ውሃ ውስጥ አንጠልጥሏል። ዞር ብሎ «ጋሼ፣ እማዬን አመጣታለሁ» አለኝ። «ስንመለስ ቪዛዋን ፕሮሰስ አደርጋለሁ። እዚህ ጋ ነው የማስቀምጣት። ባሕር ትፈራለች እኮ፤ ግን እንደዚህ ጸጥ ያለውን ብታይ ትወደዋለች።» እኔም ፈገግ ብዬ «እንዴታ» አልኩት። በዚያች ሰዓት እትዬ አስካለ በሕይወት ነበሩ። በዚያች ሰዓት ነቅተው፣ ልጃቸውን እየጠሩ ነበር።

ተመልሰን ገመዱን ስናስር ጸሐፊዋ በእጇ ጠራችኝ። ጋሽ ተፈራ ድምፃቸው ተለውጧል።

«አረፉ» አሉኝ። «ዛሬ አረፉ። ምነው ልጄ፣ ይዘኸው ና አላልኩህም? እኛም ዛሬ ይደርሳሉ ነገ ይደርሳሉ ስንል፣ ይህን ሁሉ ቀን ጠበቁት እኮ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ አፌ ሳያማክረኝ «ቲኬት ጠፍቶ ነው ጋሼ» አለ። «አውሮፕላኑ በሙሉ በቱሪስት ተይዞ ቦታ አጣን። እሱ እንዳይደነግጥ ብዬ ብቻዬን ስሯሯጥ ነበር።» ጋሽ ተፈራ ማልቀስ ጀመሩ። «የእኔ ጥፋት ነው» አሉ። «ትንሽ አሟቸዋል ከምል በግልጽ ልነግርህ ይገባ ነበር።»

ኤርሚያስን የሥራ ጉዳይ ነው ብዬው በማግስቱ በረርን። ከጎናችን ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ ኤርሚያስ እግሩን ዘርግቶበት ተኛ።

መርዶው እንደ ሥርዓቱ ተነገረው። ማለዳ ሽማግሌዎቹን ይዤ በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ፤ ሲወድቅ የደገፍኩትም እኔ ነኝ። ለቅሶው ቤት ሰው ሞልቶ ሳለ እህቱ ከናዝሬት ደወለች፤ እናታቸው በር በተከፈተ ቁጥር «ኤርሚያስ ነው?» ይሉ እንደነበር ነገረችው። ስልኩን ዘግቶ ይህንኑ ለእኔ ደገመልኝ። ጋሽ ተፈራ ቲኬት መጥፋቱን ሲነግሩት ደግሞ ብድግ ብሎ አቀፈኝ። «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ቀን ብቻህን ተሸክመኸው ነበር?» አለኝ ትከሻዬ ላይ እያለቀሰ። ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አሉ። እኔ ምን አልኩ? «ምን አደረግኩ ብለህ» አልኩ። በትሕትና ነው ያልኩት።

ወደ ጀልባዋ ተመልሼ አልሄድኩም። ወገቤን አሞኛል ብዬ ለሌላ ሰው ተውኳት። ጋሽ ተፈራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሆስፒታል ተኝተው ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ያዙና ስለዚያ ስልክ ይቅርታ ጠየቁኝ። «ለኤርሚያስ እናት ዕዳ አለብኝ፤ በእኔ ለስላሳ ምላስ ነው ልጃቸው የቀረባቸው» አሉ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሰው እየሞተ ነው፤ ከእኔ በቀር ሸክሙን የሚያወርድለት የለም። «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ጋሼ» አልኳቸው። በራሴ ኃጢአት አንድ ንጹሕ ሰው ይቅር አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ደፈረሰ።

ባለፈው ሰሞን ኤርሚያስ ቤት ምሳ በልተን ተቀምጠናል። ደም ግፊቱ ከፍ ብሏል፤ ሐኪሙ አስፈራርቶታል። እዚህ የተወለደችውን ልጁን ጠራትና «እኔ አንድ ነገር ብሆን መጀመሪያ ለጋሼ ነው የምትደውይው» አላት። «ለእናትሽ እሱ ይነግራታል። እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ሰው ነው።» ልጅቷ ስልኳን አውጥታ «ኦኬ ባባ፣ ቁጥሩን ሴቭ አድርጌዋለሁ» አለች። ኤርሚያስ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

ብነግረው ምን ያተርፋል? ከእናቱ ሞት ላይ ያለችውን ትንሽ ማጽናኛ፣ ወንድሜ ደክሞልኛል የምትለዋን፣ እቀማዋለሁ። ደግሞ ደም ግፊቱ አለ፤ ደንግጦ ቢወድቅስ? አየኸው? አሁንም እንዳይደነግጥ እያልኩ ነው። ያኔም እንዳይደነግጥ ነበር ያልኩት። ለእሱ ብዬ ዝም ያልኩበት አንድም ቀን የለም፤ ሁሉም ለእኔ ነበር። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከአንተ ይቅርታ አልጠይቅም። አንተ ይቅር ብትለኝ እዚያው ላይ ተደላድዬ እተኛለሁ፤ እተኛ እንደነበረው ሁሉ። ይህን የጻፍኩት በአማርኛ ነው፤ ኤርሚያስ ያነብበዋል። የመጀመሪያው አንባቢ እሱ እንዲሆን ነገ በእጄ እወስድለታለሁ።

ኤርሚያስ፣ ቲኬት አልጠፋም ነበር። አልጠየቅኩም።