ያልተገረፈ ጀርባ

ኤኒፋን የዞምባ ከተማ ገበያ የሚያውቃት በምላሷ ነው። የምትሸጠውን ማንዳሲ፣ በዘይት የተጠበሰውን ሊጥ፣ አገላብጦ "ዛሬስ አነሰ" የሚላትን ደንበኛ "አፍህ ሰፍቶብህ ነው" ብላ ትመልሰዋለች። ይህች ምላሰኛ ሴት በዕድሜዋ አንድ ቀን ብቻ ቃል አጠራት፤ ያም ቀን ልጇን አሳጣት።

ታማንዳ የባሏ ልጅ ናት። እናቷ ሞታለች፤ አባቷ ጆሃንስበርግ ለሥራ ሄዶ ከስልክ ድምፅ በቀር የለም። በእኛ ዘንድ ልጅ የእናት ወገን ነው፤ ቢሆንም የእናቷ ወንድም ላስተን ያኔ አልወሰዳትም። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ኤኒፋ ናት።

ታማንዳ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ። ብላንታየር ያሉት ሐኪሞች ካንሰር ነው፣ ሕክምናውን ካላቋረጣችሁ ግን ይድናል አሉ። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ በሚኒባስ እየሄዱ መድኃኒቱ በደም ሥሯ ይገባላት ጀመር። እብጠቱ ሟሸሸ። ፀጉሯ ረገፈ፣ ጥፍሯ ጠቆረ፣ ከዚያ ማሳከክ መጣ። ያከከችው ቦታ ሁሉ ረጅም ጥቁር መስመር ይተዋል፤ የጅራፍ ሰንበር ነው የሚመስለው። ነርሷ ይህን የሚያመጣው ከመድኃኒቶቹ አንዱ እንደሆነ ለኤኒፋ ነገረቻትና ልጅቷ እንዳታክ ጠብቂያት አለቻት።

ኤኒፋም ጠበቀች። በልጅቷ እጆች ላይ ካልሲ ታጠልቃለች፣ ጀርባዋን በእርጥብ ጨርቅ ታቀዘቅዛለች። ታማንዳ "እማ፣ አንዴ ብቻ እከኪልኝ" እያለች ስታለቅስ ፊቷን አዙራ እምቢ ትላለች።

ሕክምናው ሊያልቅ ስድስት ሐሙስ ሲቀር ላስተን በቆሎ ተሸክሞ ሊጠይቃት መጣ። ሙቀት ስለነበር ታማንዳ ከወገቧ በላይ ራቁቷን በረንዳው ላይ በሆዷ ተኝታለች። ጀርባዋን ሲያይ ሸክሙን ሳያወርድ ቆመ።

"ማነው እንዲህ የገረፈሽ?"

"ማንም አልገረፋት፤ መድኃኒቱ ነው" አለች ኤኒፋ።

"እኔም ስንት መርፌ ተወግቻለሁ። የሚገርፍ መርፌ ግን አላየሁም።" ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለ። "አትፍሪኝ ታማንዳ። መትታሽ ታውቃለች?"

ታማንዳ መዋሸት አታውቅም፤ ኤኒፋ ናት እንዲያ ያሳደገቻት። "አንድ ቀን" አለች። "በጥፊ። ኪኒኑን ስተፋው።"

እውነት ነበር። በዚያ ቀን ከልጅቷ ይበልጥ ያለቀሰችው ራሷ ኤኒፋ ናት። ይህን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ቃል አጠራት። ላስተን ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠረው። ልጅቷን ሲያለብሳት ብቻ "ሐሙስን ይጠብቁ፤ ነርሷ በራሷ አፍ ትንገርዎ" ብላ ለመነችው።

"እስከ ሐሙስ ስንት ሰንበር ይጨመርባት?" አለና ይዟት ሄደ።

ኤኒፋ ለአባትየው ስልክ ብትደውል፣ የእናቷ ወገኖች ናቸው፣ ምን ላድርግ አላት። ሰንበሩ ከመድኃኒቱ እንደሆነ ነርሷ የጻፈችላትን ደብዳቤ ይዛ ሙላንጄ ድረስ፣ ላስተን ደጅ ሄደች። አላስገቧትም። ደብዳቤውን በበሩ ሥር አሾልካ ተመለሰች።

ላስተን ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ማውራት ይቀለኝ ነበር። አልነበረም። ከራሱ ልጆች አስቀድሞ ለታማንዳ ዓሣ ያቀርብላታል፣ ጀርባዋን በዘይት ያሻል፣ ማንም ቁጣ እንዳይሰነዝርባት አስጠንቅቋል። እብጠቱ ስለሟሸሸ የዳነች መስሎት ግን ለመድኃኒቱ ብላንታየር አይወስዳትም፤ ሰንበሩ እስኪጠፋ ይጠብቃል። አንድ ወር፣ ሁለት ወር አለፈ፤ ማንም ያልመታው ጀርባ ሰንበሩን እንደያዘ ቀረ። በሦስተኛው ወር አንገቷ እንደገና አበጠ። ላስተን ያኔ ነው ደብዳቤውን ፈልጎ ያነበበው። ዕለቱን አዝሏት ብላንታየር ወረደ።

በሽታው ሳንባዋ ገብቷል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቤቷ ብትሆን ይሻላል አለ። ላስተን የማን ቤት እንደሆነ ልጅቷን ጠየቃት፤ "የእማ" አለችው።

ከኤኒፋ በረንዳ ሲደርስ እግሯ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ፤ እሷ ግን ልጅቷን ከጀርባው ተቀበለችው እንጂ አላየችውም። ምንጣፉ ላይ በሆዷ አስተኛቻት። ካልሲዎቹን ልታጠልቅላት አንስታ ተወቻቸው።

"እማ፣ አሁንስ እከኪልኝ?"

"የት ጋ ነው የኔ እናት?"

"ሁሉም ጋ።"

ኤኒፋ አጠገቧ ተቀመጠችና ልጅቷ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ አከከችላት።