ኩይሳ ላይ የቆመው ዲሽ

መሳቢያውን ስስበው ድምፁ ቀደመኝ፤ ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ የሚሰማው ያ ቀጭን ቅጭልታ። ዐሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፌ ነው። የዲሽ ብሎን የምፈታውም የማስረውም በእሱ ነበር። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው አሁንም ግሪስ ይሸታል፣ ወይም የሚሸት ይመስለኛል። ዛሬ የፀሐይ መብራት ነው የምሸጠው፤ ጣሪያ ላይ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ይህን ቁልፍ ግን ለማንም አላውስም። ለምን እንደማላውስ ልንገራችሁ።

ያኔ ሸዋሮቢት ውስጥ ዲሽ የምትሰቅል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሥራውን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱን ከፍታ ስለሚያዞረው መሬት ቆሞ ቴሌቪዥኑን እያየ «ግራ! ትንሽ ቀኝ! ያዥው!» ይላል፤ ጣሪያው ላይ እኔ ነኝ። ኋላ እሱ መኪና መንዳት ሲጀምር ሱቁን ከነመሰላሉ ወረስኩት። እናቴ «አሁን ይቺን ማን ያገባል?» እያለች ትነጫነጭ ነበር። እኔ ደግሞ በከተማው ውስጥ እኔን የሚያህል ባለሙያ እንደሌለ አውቅ ነበር፣ ማወቄንም አልደብቅም። ሲግናል ፈልጌ አጥቼ የተመለስኩበት ቤት አልነበረም።

ጥቅምት ውስጥ፣ ገና በማለዳው ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ፣ አንድ ሽማግሌ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ነጭ ቆብ አድርገዋል፣ ሽርጥ አገልድመዋል፣ ትከሻቸው ላይ ወንጭፍ ተንጠልጥሏል።

«ዲሽ ሠሪው የለም?» አሉኝ።

«ዲሽ ሠሪው እኔ ነኝ፣ አባባ።»

እኔን አዩ፣ መሰላሉን አዩ፣ «ማሻአላህ» ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

ባለቤታቸው ሐጅ ሄደዋል። ሁለቱም አብረው ሊሄዱ ሲመኙ ኖረው፣ ዕድሉ ለአንድ ሰው ብቻ ሲገኝ ሽማግሌው «አንቺ ቅደሚ» ብለው ከሚስታቸው ወንድም ጋር ሸኟቸው። ሲለያዩ ባለቤታቸው አዲስ አረንጓዴ ጥላ አሳይተዋቸው፣ «የአረፋ ቀን ይህን እዘረጋለሁ፤ በቴሌቪዥን ፈልገህ እየኝ» አሏቸው። ሽማግሌው «አይሻለሁ፣ ወላሂ» ብለው ቃል ሰጡ። ስልክ ያኔ እንደዛሬው ፊት አያሳይም። አረፋው፣ ሐጃጆች አረፋ ሜዳ ላይ የሚቆሙበት የበዓሉ ዋዜማ፣ ደግሞ በማግስቱ ነበር።

«ታዲያ ከተማ ይምጡና እኔ ቤት ይመልከቱ» አልኳቸው።

«ማሽላዬ እሸት ላይ ነው፣ ልጄ። ግሪሳ ወርዷል። አንድ ቀን ዞር ካልኩ ወፍ ጨርሶ ነው የሚጠብቀኝ። እኔ ወደ ቴሌቪዥኑ መምጣት አልችልም፤ ቴሌቪዥኑ ወደኔ ይምጣ።»

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ ጥላ እንደማይገኝ አላጣሁትም። ዓይናቸውን ሳይ ግን «አይሆንም» ማለት አልሆነልኝም። «ምስሉን ማምጣት የእኔ ፋንታ፣ ጥላውን ማግኘት የአንቱ» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃዬን በባጃጅ ጭኜ ለማሳቸው ቅርብ የሆነችው ትንሽ ከተማ ጀውሃ ስደርስ ሴት ልጃቸው ግመል ይዛ ቆማለች። በአንድ ጎን ዲሹንና ቧንቧውን፣ በሌላው ጎን ጄኔሬተሩንና በብርድ ልብስ የጠቀለልነውን ትንሽ ቴሌቪዥን ጫንን። መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ዲሹን ስታይ አፏን ይዛ፣ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ! መስከረም ከጠባ በኋላ ደግሞ ይሄ ምኑ ነው?» አለች። ግመሉ ግን ዕድሜውን ሁሉ ዲሽ ሲጭን የኖረ ይመስል ዝም ብሎ ሄደ።

ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው። ውስጡ ሲገባ የእሸት ሽታና ትኩስ አቧራ ይቀበላል፤ ከግራም ከቀኝም የወንጭፍ ፉጨት፣ የጅራፍ ጩኸት፣ የሚደበደብ ቆርቆሮ ይሰማል። ሽማግሌው ማማቸው ላይ ነበሩ። ማማ ማለት በአራት እንጨት የቆመ ከማሽላው ከፍ ያለ ቆጥ ነው፤ ጠባቂው እዚያ ላይ ሆኖ ወፍ ያባርራል። ከሥሩ ጎጆ፣ ሰሌንና አንድ ጀሪካን ውኃ አለ። እህሉ እስኪታጨድ ድረስ ቤታቸው ያው ነው።

ዲሹን ሳነሣ ሽማግሌው ከላይ ሆነው፣ «ወዴት ነው የምታዞሪው?» አሉኝ።

«ወደ ምዕራብ፣ በጣርማ በር ተራራ በኩል።»

«መካ እኮ በዚህ ነው!» ብለው እጃቸውን ወደ ሰሜን ዘረጉ። «መካን ለማየት ፊታችንን ከመካ እናዞራለን?»

«ዲሹ መካን አያይም፣ አባባ። ሰማይ ላይ ያለውን ሳተላይት ነው የሚያየው፤ እሱ አይቶ ለዲሹ ይነግረዋል።»

«ወሬ ነጋሪ ነዋ!»

«አዎ፣ ወሬ ነጋሪ ነው። ግድ የለም፣ በዚህ አገር ስለ አቅጣጫ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም» አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ይህን የተናገርኩት በቀን አምስት ጊዜ አቅጣጫ ይዘው ለኖሩ ሰው ነበር። እሳቸው ግን ሳቁ እንጂ አልተቀየሙም።

ዲሹን ማማው ላይ አሰርኩት፤ ሌላ ከፍ ያለ ቦታ አልታየኝም። ምስሉ ቶሎ መጣ። ደስታዬን ሳልጨርስ ግሪሳው እንደ ጭስ ተንከባልሎ ወረደ፣ ሽማግሌው ብድግ ብለው ወንጭፉን አሽከረከሩ፣ ማማው ተወዛወዘ፣ ምስሉም ጠፋ። እንደገና አስተካከልኩ፣ እንደገና ወፍ መጣ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሰዓታችን ከመካ ጋር አንድ ነው፤ ቀትር አልፎ ሰዉ አረፋ ላይ ቆሟል። ልጃቸው አንዴ ፀሐይዋን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ላቤ ቁልፉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ከማማው ብዙ ሳይርቅ፣ ማሳው የሚያልቅበት ጫፍ ላይ፣ ደረቴ የሚደርስ ኩይሳ ቆሟል። ምስጥ የሠራው አፈር ከሲሚንቶ አይተናነስም፣ በምዕራብ በኩልም የሚከልለው ነገር የለም። አናቱን በዶማ ፈልፍዬ ቧንቧውን ተከልኩና ዙሪያውን በድንጋይ አጨቅሁት። ልጅቷ ማማው ላይ ወጥታ ወፉንም ቴሌቪዥኑንም ያዘች፤ ሽማግሌው ወረዱና ቁልፌን ጠየቁኝ። «የመጨረሻዋን እኔ ላጥብቅ» አሉ። «ቢስሚላህ» ብለው የመጨረሻውን ብሎን በገዛ እጃቸው አጠበቁት።

«መጣ! አባዬ፣ መጣ!» አለች ልጅቷ ከላይ።

ማማው ሦስት ሰው አይችልም ቢባልም ሦስታችንም ወጣን። ያች ትንሽ መስታወት በነጭ ልብስ ሞልታለች፤ ተራራውም ነጭ፣ ሜዳውም ነጭ ነው፤ በመካከሉ ጥላዎች፣ ጥላዎች፣ ጥላዎች። ሽማግሌው ቆባቸውን አስተካክለው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። እኔ ድካሜ ሁሉ በአንድ ጥላ እንዲካስ ፈልጌ ነበር።

«ያቻት!» ብዬ ጮህኩ። «አባባ፣ ያቻት አረንጓዴዋ!»

ጎንበስ ብለው አዩ። «አይደለችም።»

«ያቺስ? በስተቀኝ ያለችው?»

«እሷም አይደለችም።»

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። «ከዚህ ሆነው እንዴት ያውቃሉ?»

«የኔዋ ጥላ ስትይዝ አጠገቧ ላለው ሰው ነው የምትይዘው፤ እሷን ፀሐይ ይበላታል» አሉኝ። «እነዚህ ሁሉ ለራሳቸው ነው የያዙት።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። በጠዋቱ ሙከራ ሁሉ ነዳጁን ጨርሼዋለሁ፣ ትርፍ መያዝ ረስቻለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ጀውሃ ሮጬ ላምጣ ብዬ መውረድ ስጀምር፣ «ተዪው፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። ከጀሪካኑ ውኃ ቀድተው ተጣጠቡ፣ ሰሌኑን አነጠፉ፣ የኔን ዲሽ በጎናቸው ትተው ወደ ሰሜን ቆሙ። እኔና ልጅቷ ወፍ ስንጠብቅ ዋልን። ወንጭፍ ስለማልችል ቆርቆሮ ደበደብኩ። እሳቸው ከሰገዱ በኋላም እጃቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ የተራራው ጥላ ወርዶ ማሳው ላይ እስኪደርስ አልተነሡም።

ሲመጡ ጢማቸው ርሷል። «አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «አሁን አየኋት።»

እኔን ሊያጽናኑ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ጥንቅሽ ቆርጠው፣ ልጠው ሰጡኝ። የአረፋ ጾመኛ ስለነበሩ አልቀመሱም፤ እኔ ስመጥ ፈገግ ብለው ያዩኝ ነበር። የዚያ አገዳ ጣፋጭነት እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

ከዓመታት በኋላ ሽማግሌው መሞታቸውን ሰምቼ ለቅሶ ደረስኩ። ባለቤታቸውን ከዚያ በፊት አላውቃቸውም ነበር። ማን እንደሆንኩ ልጃቸው ስትነግራቸው እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ለሰው ያልነገርኩት ነገር አለ» አሉኝ። «የአረፋ ቀን ትኩሳት ጥሎኝ ነበር። ድንኳን ውስጥ እንደተኛሁ ነው የመሸው፤ ጥላዬም ከራስጌዬ እንደተጠቀለለ። እሱ እንዳይጨነቅ ብዬ ወንድሜን አስምዬ ደበቅሁት። አገሬ ስገባ፣ ገና ከመኪና ስወርድ፣ እጄን ይዞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?»

«ምን አሉ?»

«‹ጥላሽን ሳትዘረጊ ዋልሽ፤ አሞሽ ነበር?› አለኝ።»

 እጄን ሳይለቁ ወደኔ ጠጋ አሉ።

«ያንቺ ቴሌቪዥን ድንኳን ውስጥ ያሳያል እንዴ፣ ልጄ?»

«አያሳይም፣ እማማ። እኔ ዲሹን ወደ ምዕራብ ነበር ያዞርኩት።»

«እሱስ? እሱ ወዴት ዞሮ ነበር?»

«ወደ አንቱ» አልኳቸው።