ክሬኑ በአንድ እግሩ ሲቆም

ብየዳ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ሁለት ሰው የሚንገታገትበትን የብረት በር ብቻውን አቅፎ ስለሚያነሳ “ክሬኑ” ይሉታል። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጓሮ ይወጣና፣ በቀለም ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልቶ የሠራውን ክብደት ያነሳል። ያው ክብደት፣ ያው አነሳስ። ስልሳን ከተሻገረም በኋላ አልተወውም። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም ይባል የለ!

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ አዲስ ሱሪ ሰፍታለት እንዲለካው ሰጠችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያስገባ አየችውና፣

“ምነው ቁጭ አልክ? ቆመህ ልበሰው እንጂ” አለችው።

ቆመ። ቀኝ እግሩን ሲያነሳ ግራው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ግድግዳውን እይዛለሁ ሲል ሱሪው ጠለፈውና አልጋው ላይ በጀርባው ተዘረረ። ሚስቱ ክው አለች፤ ደህና መሆኑን ስታይ ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

“ጉድ በል! ክሬኑን ሱሪ ጣለው!”

እሱ ግን ቅስሙ ተሰብሯል። “አረጀሁ ማለት ነው” አለ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

“ማርጀቱንማ ሁላችንም አረጀን። አንተ ግን አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ አልክ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚታሸት ልብስ እዚያው ይሳሳል። ክንድህን ስትቀልብ እግርህንና ወገብህን ረሳሃቸው። እሑድ ከእኛ ጋር ትዋኛለህ!”

ሚስቱና ጎረቤቶቿ እሑድ እሑድ መዋኛ ገንዳ ይሄዳሉ። እሱ “የሴቶች ጨዋታ” እያለ ሲያሾፍባቸው ነው የኖረው። ያን እሑድ ግን አንገቱን ደፍቶ ተከተላቸው፤ ውሃው ውስጥ ገባና እንደ ብረት ቁልቁል ወረደ። ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ፣ ስበው አወጡትና በጀርባው አንጋለው፣ መዳፋቸውን ማጅራቱ ሥር አድርገው፣

“ወንድሜ፣ እዚህ ጡንቻህን የጠየቀህ የለም። አንገትህን ልቀቀው” አሉት።

ለቀቀው። ውሃው ተሸከመው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ መነሳት እንዲህ ደስ የሚል መሆኑን ያን ዕለት አወቀ።

ሲሚንቶውን አልጣለውም፤ ቀለል አድርጎ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ያነሳዋል። በሌላው ቀን ከሚስቱ ጋር ዳገት ይወጣል፣ ይዋኛል፣ ጥርሱን ሲቦርሽ በአንድ እግሩ ይቆማል። መጀመሪያ ላይ መኖሩን እንኳ የማያውቀው ጡንቻ ሁሉ እየታመመ ራሱን አስተዋወቀው። ከሁሉም የከበደው ግን የእረፍት ቀን ነበር፤ ሚስቱ እየተቆጣች ነው ያስለመደችው። እየቆየ የበሩን የታችኛውን ማጠፊያ ቁጢጥ ብሎ በይዶ፣ ምንም ሳይደገፍ ብድግ ማለት ጀመረ።

“ክብደት ቀነስክ አሉ?” አለው የሥራ ባልደረባው።

“ቀየርኩ እንጂ!”

ባለፈው ሰሞን ዳገቱ አናት ላይ ደርሰው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ቢልም ፊቱ ፈክቷል።

“ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የውዝዋዜ ትምህርት ሊጀመር ነው፤ አስመዝግቤሃለሁ” አለች ሚስቱ።

“እኔን? በዚህ ትከሻዬ?”

“ትከሻህንማ ነው የፈለጉት።”

ሳቀና ከኪሱ ብርቱካን አውጥቶ ልጦ፣ ትልቁን ግማሽ ለሷ ሰጣት።